የሦስተኛው እስር ማሰሪያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም እሾህ ወጋኝ። አውራ ጣቴ ውስጥ ገብታ ተሰብራ ቀረች። ልጄ መርፌ እሳት ላይ አግሎ ሊያወጣልኝ ሞከረ።

«እማዬ፣ ይህን ዛፍ እሾሄ ብለው የሰየሙት ላንቺ መሰለኝ። በየቀኑ ትወጊያለሽ፣ አትማሪም።»

«አንተስ? ሠላሳ ዓመት ሞላህ፣ ማግባት መቼ ነው የምትማረው?»

«አግብቻለሁ እኮ። እሾሄን።»

ይህ ልጅ... ሳቄን ውጬ ተቆጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ጫካ አልገባም። ለዳቦ ጋጋሪዋ በጋሪ ፍልጥ ሲያደርስ ዋለ። ጫካ የቀረው የሥራ ጓደኛው ብቻ ነው፣ ጓንቱ። በሙቀትም በብርድም ጓንቱን ስለማያወልቅ ነው እንዲህ ብለው የሚጠሩት። እኔ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ወጥቼ ሦስት እስር ጭራሮ ሰበሰብኩ። ለሦስተኛው ማሰሪያ አልቆብኝ ባገኘሁት ነገር አሰርኩት። ሦስቱንም ማገዶ ቤቱ ውስጥ፣ ከኋላ ወረወርኳቸው። ጉልበቴ አልቋል።

ይህ ደብተር የልጄ ነው። ከፊት በኩል የትኛው ክምር መቼ እንደተቆረጠ ይጽፍበታል። እኔ ከኋላ ጀመርኩ። «እስክንገናኝ ጻፊ» አለኝ። ዛሬ የጻፈውን ገልጬ አየሁ፦ «አራተኛው ክምር። ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ። እስከ ጥር ይደርቅ። እማዬ እንዳትነካው።»

እኔ መቼ ነካሁ? አንዴ ነው። ሁለቴ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

የደን ጠባቂው መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

ልጄ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ከዚያ ቀን ወዲህ እስክሪብቶ አልያዝኩም። ዛሬ ካልጻፍኩት ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ሊኖር ነው።

ጠዋት ነበር። ግቢ ተቀምጬ ቅርፊት እየላጥኩ ነበር። ከደረቀ እሾሄ ላይ ቅርፊቱ በትልቅ በትልቁ ይነሳል፣ ከሥሩ ነጫጭ ትል ይወጣል። ትሎቹን ለዶሮዎቹ እየጣልኩ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር... ለምን ደስ አለኝ? አላስታውስም።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ ጠባቂው።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ልጅዎ ላይ ዛፍ ወድቆበት ነው።»

«እግሩ ነው?»

ወደ ባርኔጣው አየ።

«እጁ ነው?»

ባርኔጣውን ያዞራል። አሁንም ያዞራል። ሰው መርዶ እንዲህ ይነገረዋል? እኔ ነኝ አንድ በአንድ የጠየቅኩት። ወገቡ ነው? ጭንቅላቱ ነው? ከዚያ በኋላ የምጠይቀው አጣሁ።

አሁን የሰማሁትን ልጻፍ። ይህ ዛፍ፣ ጠባቂው በወረቀቱ ላይ ሮቢኒያ ብሎ የሚጽፈው፣ ደርቆም አይበሰብስም። ዓመታት ቆሞ ይኖራል። ለማገዶ የሚፈለገውም ለዚህ ነው፣ ቆሞ የደረቀውን መቁረጥ ብቻ ነው። ነገር ግን ነፋስ ወገቡን ይሰብረዋል። የተሰበረው መሬት ሳይደርስ በጎረቤቱ ባላ ላይ ተደግፎ ይቀራል። «ተኝቷል» ይሉታል ሠራተኞቹ። ከሥሩ አይገባም፤ ቢነኩት ይነቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ያየው ሰው በመተላለፊያው በኩል ካለው ግንድ ላይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቅ ያየ ዞሮ ያልፋል። ጨርቅ ከሌለ ሰላም ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ቀድሞ ገባ። ጨርቅ አልነበረም። የቆመውን ግንድ በመጋዝ ጀመረው። የተኛው ነቃ።

ጓንቱ ለቅሶ መጥቶ ምን አለኝ? «እማማ፣ አስሬ ነበር። ሰኞ ከቀትር በኋላ አይቼው፣ አስሬ፣ ለማግስቱ ገመድ ልዋስ ወረድኩ። በልጆቼ ይሁንብኝ አስሬ ነበር።»

«ጨርቁ የታለ ታዲያ? ዛፉ በላው?»

«አላውቅም።»

«በአፍህ አልነገርከውም?»

«ጨርቅ ካሰርን በአፍ አንነጋገርም። ልማዳችን ነው... በአፌ ልነግረው ይገባ ነበር። ይህቺ የኔ ጥፋት ናት። ግን አስሬ ነበር።»

ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። ጓንቱን አላወለቀም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

የጓንቱ ሚስት መጣች። አሮጌ ቀሚስ ይዛ። ቀይ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት። ጫፉ ተቀዷል።

«እማማ፣ ይዩልኝ። ለጨርቁ የምቀድለት ከዚህ ነው። እየቀደድኩ ኪሱ ውስጥ እከትለታለሁ። ይህች የጎደለችው የዚያን ቀኗ ናት። ቀይ ክር አጥቼ ጠርዙን በቢጫ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አይተው ያውቁታል።»

«ቀሚስ መቅደድ ማን ያቅተዋል? ዛሬ ጠዋት ቀደሽው ትመጫለሽ።»

ቀሚሱን ከፊቷ ዝቅ አደረገች። እርጉዝ ናት፣ አሁን ነው ያየሁት። ቢሆንስ? እኔም አርግዤ ነበር። እኔም አምጬ ነበር።

«እግዜር ያጽናዎ» ብላ ሄደች። ቀሚሱን አጣጥፋ ይዛው ሄደች። እንዴት ባለ ጥንቃቄ አጣጠፈችው! ሐር ይመስል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ጠባቂው ዛሬም መጣ። ባርኔጣውን አድርጎ ስለነበር በሩን ከፈትኩለት።

የጓንቱ ነገር ነው። ጫካ መግቢያ ፈቃዱን ይዞበታል። ሰዎቹ ሁሉ እርስ በርስ እያጉረመረሙ ነው፣ ጨርቅ ሳያስር አሰርኩ ከሚል ሰው ጋር እንዴት እንሠራለን ይላሉ። የዓመቱ የፈቃድ ዝርዝር ጥር ላይ ይነበባል። «ቃልዎ ሚዛን ይደፋል እማማ። ይመለስ ካሉ እመልሰዋለሁ። አይሁን ካሉም...»

«እሱ በሚገባበት ጫካ ሌላ እናት ልጇን አትስደድ። ጻፈው እንዲህ ብለህ።»

ጻፈው። ሲጽፍ አየሁት። ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልችልም። ከጥቅምት ስድስት ወዲህ ደስ ያለኝ ይህ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

እህቱ፣ ላውንደሪ የምትሠራዋ ልጄ፣ ክምሩን እንሽጥ አለች። ግንዱን እንዳለ የሚወስድ ሰው አለ አለች። ወንድምሽ የቆረጠውን ወንድምሽ ሊፈልጠው ነበር አልኳት። እሱ ከሌለ እኔ አለሁ።

«አንቺ? በስድሳ ዓመትሽ?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«እሺ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመትሽ መጋዝ?»

መጋዝ። ለምን አይሆንም? ሲሠራ አይቼዋለሁ። ግንዱን መስቀለኛው የእንጨት መደገፊያ ላይ ማስቀመጥ፣ በክንድ ልክ መቁረጥ፣ ማቆም፣ ሽብልቁን ስንጥቁ ላይ ሰክቶ በመዶሻ መምታት። ማየት ቀላል ነበር። ሦስት ግንድ ስቆርጥ መጋዙ ደነዘዘ። ይህ እንጨት ብረት ይበላል። ሞረዱን ፈልጌ አጣሁ፤ የሥራ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው ለካ። ኪሱ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። ግማሽ ዳቦ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እንግዲህ ምን ላድርገው? መልሼ ከተትኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ያንን ዛፍ አውርደውታል። ሊወስደው የሚደፍር የለም። ጠባቂው እዚያው ይበስብስ አለ። እሾሄ ይበሰብሳል? ከኔም ከሱም በኋላ እዚያው ይገኛል።

ወደ ግቢዬ አምጡልኝ አልኩ።

እህቱ አለቀሰች። «እማዬ አብደሻል። ሰውም አበደች እያለ ነው።»

«ይበል። ልጄን የበላ ዛፍ እየሞቀው ይደር? አምጡልኝ፣ አንድ በአንድ አነደዋለሁ። ፍሙ ላይ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ።»

በሁለት ጋሪ አመጡት። ጋሪ ነጂዎቹ ክፍያ አንቀበልም ብለው ሄዱ። ዓይኔን አያዩኝም። የተጠማዘዘ ነው፣ ከወገቡ ላይ ስብራቱ ይታያል። ረጅም አይደለም። ይህ ነው? ይህን ያህል ብቻ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

በቀን ሁለት ግንድ። ከዚያ በላይ ክንዴ እምቢ ይላል። እርጥብ እሾሄ በሽብልቅ ቀጥ ብሎ ይከፈትልሻል፣ ደረቁ ግን ይመልሳል። መዶሻውን ወደ ፊቴ ይመልሰዋል። ልቡ ቢጫ ነው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ሲፈለጥ የጥሬ ባቄላ ሽታ አለው።

ዳቦ ጋጋሪዋ ፍልጥ ልትወስድ መጥታ እጄን ገልብጣ አየችው። «እህቴ፣ በዚህ እጅሽ ዳቦዬን እንዳትነኪብኝ፣ ሊጡ ይደማል» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄ አናደደኝ።

ከዚያኛው ዛፍ ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ ጮህኩባት። እሱ የኔ ነው አልኩ። «ይሁን፣ ይሁን» አለችና በርከክ ብላ ከሌላው ለቀመች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ሁለት ፍልጥ አጋጭቼ አዳመጥኩ። ልጄ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ከደረቀ እንደ ሳህን ይጮኻል። ካልደረቀ እንደ ጫማ።

የሱ ክምር እንደ ጫማ ነው። ያ ዛፍ ግን ጮኸ። ቆሞ የደረቀ ነዋ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ዳቦ ቤት ሄጄ ጓንቱን አየሁት። ዱቄት ይሸከማል። ጓንት አላደረገም።

ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ እጁን አይቼ አላውቅም። እጆቹ ነጭ ናቸው፣ በዱቄት ይሁን እንጃ። ቀጫጭን ጣቶች። የጸሐፊ እጅ ይመስላል። ግራው ሁለት ጥፍር የለውም። ለካ ለዚህ ነው...

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?»

አልመለስኩለትም። ከረጢቱን እንደተሸከመ መልስ ይጠብቃል፣ አንገቱ ተጣሟል። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ዳቦ ጋጋሪዋ በሩ ላይ ደረሰችብኝ። «እህቴ፣ አትቆጪኝ። እኔ የቀጠርኩት ሚስቱ ከወለደች ወዲህ ነው። በመንገድ ላይ ልጁን ‹የገዳይ ልጅ› ብለውታል፣ ትልቁን። ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ቤት ተቀምጧል።»

«የኔ ልጅስ የት ነው የተቀመጠው?» አልኳት።

ጥሩ መልስ ነው መሰለኝ። መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስደግመው መጣሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

የምር ብርድ ዛሬ ገባ። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ የበረዶ ቆዳ አወጣ። ዛሬ ነው አልኩ። ዛሬ ያንን ዛፍ አነደዋለሁ።

አምስት ፍልጥ መረጥኩ። ማቀጣጠያ ፈለግኩ። ከፊት ያለው ጭራሮ አልቋል፣ እህቱ ስትጠቀምበት ከርማለች። ማገዶ ቤቱ ኋላ ድረስ ገባሁ። ሦስት እስር ነበሩ፣ ከዚያ ቀን የቀሩ። አንዱ በሽቦ የታሰረ። አንዱ በገመድ።

ሦስተኛው በጨርቅ።

ቀይ ነው። ጭቃ ይዞት ደርቋል። በምራቄ አሸሁት። ነጭ ነጠብጣብ። ጠርዙ ላይ ቢጫ ክር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 17

እሳቱን አላነደድኩም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

የዚህን ደብተር የመጀመሪያ ገጽ አነበብኩ። «ባገኘሁት ነገር አሰርኩት።» በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ተጽፎ ተቀምጧል፣ ሁለት ወር ሙሉ ላዩ ላይ እየጻፍኩ ነበር።

አሁን ሁሉም ይታየኛል። መተላለፊያው ዳር ነው። ጉልበቴ ደክሟል፣ ሦስተኛው እስር እየተበተነብኝ ነው። ግንድ ላይ ጨርቅ አየሁ። ነፋስ አምጥቶ ያጣበቀው መሰለኝ? አይ። ታስሮ ነበር። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። በጥርሴ! ሰው የቋጠረውን ነገር ነፋስ ቋጠረው እላለሁ?

ግን ማን ነገረኝ? ሠላሳ ዓመት ጭራሮ ስለቅም፣ ለኛ ለሴቶቹ ጨርቅ ምን እንደሆነ ማን ነገረን? እኛ መሬት እናያለን፣ እነሱ ላይ ያያሉ። በየቀኑ ሲባጎ፣ ሽቦ፣ ቁራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ። የቱን ላስታውስ?

ሚስቱ ቀሚሱን ዘርግታ ስታሳየኝስ? ያን ጊዜ እንኳ ልቤ አላለኝም? ቀይ መሆኑን ስሰማ፣ ነጠብጣቡን ሳይ... አንድ ነገር ውስጤ ሲነካኝ ነበር? ነበር? እኔ እንጃ። ዝም ያሰኘሁት ይመስለኛል።

ከዛፉ ሥር ቆሜ ነበር። ጨርቁን በጥርሴ ስፈታ፣ እላዬ ላይ ተኝቶ ነበር። ለምን እኔ ላይ አልነቃም? ምን አነሰኝ?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 26

ምድጃውን ከፈትኩ። ጨርቁን በእጄ ያዝኩ። እሾሄ ሲነድ ይፈነጥቃል፣ ፍንጣሪው እጅጌዬን በሳው። ዘጋሁት።

ነገ እከተዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27

አልከተትኩትም።

ዓርብ፣ ጥር 3

ለእህቱ ነገርኳት። ብቻዬን አልቻልኩም። ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ አደረግኩት፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች።

«ማን ያውቃል?»

«አንቺና እኔ።»

«በቃ። ምድጃው ውስጥ ክተቺው።»

«ሰውዬውስ?»

«ሰውዬው ዳቦ ቤት ሥራ አግኝቷል። ይኖራል። አንቺ ግን... እማዬ፣ አንቺን ምን ይሉሻል? የገዛ ልጇን ይሉሻል። በየመንገዱ ይሉሻል። እኔስ? እኔ ወንድሜን ቀብሬያለሁ፣ እናቴን ደግሞ በቁሟ ልቅበር?»

ልክ ናት። ለኔ ብላ ነው። እጇን ያዝኩ። በላውንደሪው መድኃኒት የተላጠ እጅ። እሷም እጅ የላትም።

«የገዳይ ልጅ የሚሉት ስምንት ዓመቱ ነው» አልኳት።

«ያውቃሉ እንዴ ልጆች? ይረሳሉ።»

«ወንድምሽ በስምንት ዓመቱ ‹አባት የለሽ› ያለውን ልጅ ስም እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያስታውስ ነበር።»

አለቀሰች። ጨርቁን ወስዳ ምድጃው ዘንድ ቆመች። ጠበቅኩ። ብትከተው ኖሮ ዝም እል ነበር፣ እውነቱን ልጻፍ። ዝም እል ነበር፤ እሷ ናት የከተተችው እያልኩ እኖር ነበር።

መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «እኔ አልከተውም። ከፈለግሽ አንቺ ክተቺው» አለችና ወጣች።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ዝርዝሩ የሚነበብበት ቀን። ጫካው በር ላይ ሃያ ሰው ያህል ነበር፣ ወንዱም ሴቱም። ጓንቱ ራቅ ብሎ አጥሩ ጋ ቆሟል፤ ስሙ እንደማይጠራ ያውቃል፣ ለምን መጣ? ሚስቱ ሕፃኑን አዝላ ከጎኑ ናት።

ጠባቂው አነበበ። ሲጨርስ «እኔ ቃል አለኝ» አልኩ። አልሰሙኝም። ደገምኩት።

ጨርቁን አውጥቼ ከፍ አደረግኩት። «ጨርቁ ይኸው። ታስሮ ነበር። ሰኞ በአሥር ሰዓት የፈታሁት እኔ ነኝ። ጭራሮ አሰርኩበት።»

ምን እንደጠበቅኩ አላውቅም። ድንጋይ የሚወረውሩ መስሎኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ግን ቀስ ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

«እማማ፣ ይህ ሐዘን ነው የሚያናግርዎ። ይምጡ፣ ይቀመጡ።»

«ምስኪን» አለች አንዷ ከኋላ። «ራሷን መክሰስ ጀመረች።»

አላመኑኝም! ሦስት ወር ሙሉ በሱ ላይ የተናገርኩትን ሁሉ ያለ ማስረጃ ያመኑ ሰዎች፣ ማስረጃ ይዤ ስቆም አዘኑልኝ። ለውሸቴ ሚዛን ነበርኩ፣ ለእውነቴ ዕብድ ሆንኩ።

«አላበድኩም!» አልኩ። «አንቺ ነይ። ያንቺ ስፌት ነው፣ ነይና እይው።»

ሚስቱ መጣች። ጨርቁን አልተቀበለችኝም፣ እጄ ላይ እንዳለ ጠርዙን ገልብጣ አየችው። ቢጫውን ክር በጥፍሯ ነካችው።

«የኔ ነው» አለች። ለኔ አይደለም፣ ለሱ። «ሰማህ? የኔ ነው። አስረህ ነበር።»

ጓንቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እኔ ራሴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር» አለ። «አሰርኩ? ወይስ ላስር አስቤ ሄድኩ? በእንቅልፌ ሁሉ አስራለሁ። ኪሴ የቀሩትን ቁራጮች እቆጥራለሁ፣ እንደገና እቆጥራለሁ...»

ጠባቂው እስክሪብቶውን አውጥቶ ከዝርዝሩ ሥር የጓንቱን ስም ጻፈ። እንዲህ ቀላል ነው። አንድ መስመር።

ወደ ጓንቱ ሚስት ዞሬ አፌን ከፈትኩ። «እማማ፣ ዛሬ አይጠይቁኝ» አለችኝ። «ይቅር ብያለሁ ብዬ ልዋሽ አልችልም። ዛሬ አይጠይቁኝ።»

አልጠየቅኳትም። ጨርቁን ይዛ ሄደች። አጣጥፋ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

እህቱ እንደፈራችው ሆነ። ውሃ ስቀዳ አንዷ ባልዲዋን ጠጋ አደረገች፣ እንዳልነካባት ይመስል። ይሁን። የምችለው ነው። ከዚያኛው ይሻላል... ይሻላል? ቀን ቀን ይሻላል።

ያንን ዛፍ ማንደድ ጀምሬያለሁ። በቀን አንድ ፍልጥ። ቶሎ አያልቅም፣ ሰማያዊ ነበልባል አለው፣ ፍሙ እስከ ማግስት ይቆያል። እግሬን ዘርግቼ እሞቃለሁ ብዬ ነበር። እግሬን አልዘረጋም። አነድዳለሁ እንጂ አልሞቅም።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ጫካ ወጣሁ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እሾሄው አብቧል፣ ነጭ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለ። ንብ ይጮኻል። እንዲህ ይሸታል ብሎ ማን ያምናል? ያ ዛፍ የነበረበት ጉቶ ዙሪያ ከሥሩ ችፍ ያለ ቡቃያ ወጥቷል፣ ለስላሳ ቅጠል፣ በየአንጓው ሁለት ሁለት እሾህ። ልነቅለው ብዬ ነበር። ወጋኝ። ተውኩት።

ጓንቱ ጭራሮ ለቃሚዎቹን ሴቶች ሁሉ ሰብስቦ አሳይቷቸዋል። ጨርቅ ማለት ምን እንደሆነ፣ ወደ ላይ እንዴት እንደሚታይ። አሁን ጨርቅም ያስራል፣ በአፉም ይናገራል። ጓንቱን መልሶ አጥልቋል። እኔም ከሴቶቹ መሃል ቆሜ ሰማሁ። ሲጨርስ ወደኔ ሳያይ «እማማ፣ ገባዎት?» አለኝ። «ገባኝ» አልኩት። ከጥቅምት ወዲህ የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው።

የልጄን ሸሚዞች ቀድጃቸዋለሁ። ቀዩን፣ ባለ መስመሩን፣ ለሠርጉ ይሆናል ብዬ የገዛሁለትን ነጩንም። በክንድ ልክ ቆርጬ፣ ጠርዛቸውን ሰፍቼ ለጓንቱ ሚስት ወሰድኩላት። በሩ ላይ ተቀበለችኝ። ግቢ አላለችኝም። ትልቁ ልጇ ግን ከኋላዋ ብቅ ብሎ አየኝ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ አንግቷል።

አራተኛውን ክምር ዛሬ አጋጨሁት። ጮኸ። ጥር ላይ ደርቆ ነበር፣ አልነካሁትም። እንዳልነካው ብሎ የለ?

ደብተሩ አለቀ። ይህን ገጽ ስገለብጥ የሱ ጽሑፍ ነው። እስክንገናኝ ጻፊ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ደረስኩ፣ የመጨረሻ መስመሩ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ይታየኛል።

ለራሴ ነበር የምጽፈው። ነገር ግን ወረቀት ከሰው ይቆያል፣ አንድ ቀን እህቱ ወይ ሌላ ሰው ይከፍተው ይሆናል። አንተ የምታነበው፣ አንቺ የምታነቢው፣ ጫካ ገብታችሁ ግንድ ላይ የተቋጠረ ጨርቅ ካያችሁ አትፍቱት። ቀና በሉ። ከዚያ ስታልፉ፣ በምታውቁት ጸሎት ይሁን፣ ለልጄ ጸልዩለት። ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ይቀልድ ነበር። ነፍሱን ይማርልኝ በሉ። ለኔ አትጸልዩ፣ የኔን እኔው እጠይቃለሁ። ለሱ ብቻ።